ክኒኑ አለቀ፤ እብጠቱ ከየት መጣ?

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ከባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር የሚያዘግም ሰው፣ ከአጥሩ ሥር ጣቶቻቸው የታጠፉ ወይም ያጠሩ፣ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ አረጋውያንን ሳያይ አያልፍም። ሳንቲም እንሰጣለን፤ የልጆቻችንን እጅ ጠበቅ አድርገን እንይዛለን፤ ትንሽ ፈጠን እንላለን። ፈጠን የምንለው "ይተላለፍብን ይሆን?" ብለን ነው። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ግን የሥጋ ደዌን ለማንም አያስተላልፍም። ጣቱ የታጠፈው ጀርሙ ዛሬም በውስጡ ስላለ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ነርቮቹ ስለተጎዱ ነው።

ነርቮቹን የጎዳቸው ማን ነው? መልሱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ጀርሙ ብቻውን አይደለም፤ ጀርሙን ሊያባርር የተነሣው የታማሚው የራሱ የመከላከል ኃይል ነው። ሐኪሞች ይህን "ሪአክሽን" ይሉታል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሊመጣ ይችላል፤ በሕክምናው መሐል ሊመጣ ይችላል፤ ክኒኑ ካለቀ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ድንገት ሊነሣ ይችላል። በጊዜው ከተደረሰበት ነርቩ ይተርፋል። ካልተደረሰበት እጁ እንደታጠፈ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ይቀራል።

የእኔ ሙያ ማርኬቲንግ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በሥራዬ ዘወትር የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ መልእክታችን ተቀባዩ ጆሮ ሲደርስ ምን ሆኖ ነው የሚደርሰው? "የሥጋ ደዌ ይድናል" የሚለው መልእክት እውነት ነው፤ አጭር ነው፤ ጥሩ መልእክት ነው። ችግሩ ሰው የሚሰማው "ክኒኑን ስጨርስ ሁሉም ነገር ያልቃል" ብሎ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱ ሲያብጥ ወይ "መድኃኒቱ መረዘኝ" ይላል፣ ወይ "ውሸት ነው፣ አይድንም" ይላል። በእኛ ቋንቋ ይህ ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት የሌለው ዕቃ መሸጥ ነው።

ዘገምተኛው ጀርም

ባክቴሪያውን ኖርዌጂያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በርገን ከተማ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከዚያ በፊት አውሮፓም ውስጥ ብዙ ሊቃውንት "በዘር የሚወረድ ነው" ይሉ ነበር። እኛ ዘንድ ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ "ዘራቸው ይጣራ" የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በዘር አይወረድም። የሚተላለፈው ካልታከመ ሰው አፍንጫና አፍ በሚወጣ ርጥበት፣ ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ነው፤ ከመቶ ሰው 95 ያህሉ ደግሞ ጀርሙ ቢገባበትም አይታመምም። ጀርሙ አንዴ ለመባዛት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይሄዳል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ቆዳ፣ አፍንጫ፣ የጆሮ ጫፍ፣ እንዲሁም ከቆዳ ሥር ቀርበው የሚያልፉ ነርቮች ማደሪያው ናቸው።

መድኃኒቱ ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚንን በጥምር መስጠትን ደነገገ፤ እኛም አገር ከሁለት ዓመት በኋላ ተጀመረ። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ በነፃ ነው። ኢትዮጵያ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ታማሚ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1999 አሟልታለች። "ተወገደ" የሚለው ዜና ያን ጊዜ ነው የተሰማው፤ ብዙዎቻችንም በሽታው የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ነገር ሆኖ የቀረ የመሰለን ከዚያ ወዲህ ነው። እውነታው ግን ባለፉት ዓመታት በአገሪቱ በየዓመቱ ከ2,500 እስከ 4,000 የሚደርሱ አዳዲስ ታማሚዎች መገኘታቸው ነው።

ስለ ሪአክሽን ዓለም ከሚያውቀው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የተገኘው እዚሁ አገራችን ነው፤ ይህን ስናነብ ልንኮራም ይገባናል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከጎኑ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ተቋቋሙ። አለርት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 594 አዳዲስ ታማሚዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና የመጀመሪያ ቀን ወደ ሕክምና ሲመጡ የነርቭ ጉዳት ነበረባቸው። ብዙ ሰው ነርቭ የሚያጣው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ነው ማለት ነው።

አሮጌው ምልክት ሲቀሰቀስ

መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድለዋል። ሬሳው ግን ወዲያው አይጠረግም፤ ስብርባሪው በቆዳና በነርቭ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እስካሁን ተኝቶ የነበረው የመከላከል ኃይል አንድ ቀን ነቅቶ ይህን ስብርባሪ ባዕድ መሆኑን ሲለይ ጦርነት ይከፍታል። ጦርነቱ ቆዳ ላይ ቢሆን ያብጣል፣ ያልፋል። ነርቭ ውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ክርናችን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣታችን የሚነዝረንን ነርቭ ያስቡ። በአጥንት መሐል በጠባብ መንገድ ነው የሚያልፈው። እዚያ ውስጥ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ራሱን በራሱ ያንቃል።

ሐኪሞች "አንደኛው ዓይነት" የሚሉት ይህ ነው። ድሮ የነበረው የቆዳ ምልክት በቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠነክራል። የውጭ መጻሕፍት "ይቀላል" ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የመዳብ መልክ ይይዛል፣ ወይም ይጠቁርና ያብረቀርቃል። ስለዚህ በዓይን ከማየት ይልቅ በእጅ ዳሰስ ማድረግ ይሻላል፦ ከአካባቢው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል ወይ? ፊት፣ እጅና እግርም ሊያብጥ ይችላል። ክርን፣ የጉልበት ውጪያዊ ጎን፣ የቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ሲነካ ያማል።

ሐኪም ከሚያየው በፊት የሚያየው ግን አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚተኛ ሰው ነው። እንጀራ ሲጠቀልል ወጡ በጣቶቹ መሐል የሚንጠባጠብበት ሰው ትንሿ ጣቱ እየደከመች ሊሆን ይችላል። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሁለት እርምጃ ሄዶ የማያውቅ ሰው እግሩ እየደነዘዘ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸገረው፣ ሲራመድ የእግሩ ጫፍ መሬት የሚጠርግበት፣ ተኝቶ ዓይኑ ገርበብ ብሎ የሚያድር፤ እነዚህ ሁሉ የነርቭ ድምፆች ናቸው። አንዳንዴ ነርቩ ምንም ሳያም በዝምታ ነው የሚሞተው። ሕመም የለም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም።

የምኖርበት ግቢ ዘበኛ የሐይቁ ዳር ሰው ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ትቼዋለሁ። የ12 ወሩን ክኒን ጨርሰው ነበር፤ በግቢው ማንም አያውቅም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ፊታቸውና ግራ እጃቸው አብጦ አደሩ። የሄዱበት የግል ክሊኒክ "አለርጂ ነው" ብሎ መርፌ ወጋቸው። እብጠቱ ለጥቂት ቀናት በረድ አለ። ከዚያ የግቢውን በር ቁልፍ ማዞር አቃታቸው። "እታለም፣ መድኃኒቱ ነው የጎዳኝ፤ ጸበሌን ይዤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻለኛል" አሉኝ። አከራያችን ደግሞ ነገሩን ስትሰማ ልታሰናብታቸው ዳዳት።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ የቲቢ ክፍሏ ነርስ ብዙ አላወራችም። ዓይናቸውን አስጨፈነቻቸውና መዳፋቸውን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፤ "ጋሼ፣ የነካሁዎትን ቦታ ያሳዩኝ" አለች። ክርናቸውን ዳበሰች፤ ጣቶቻቸውን እንዲዘረጉ አድርጋ በጣቷ ገፋች። "ይኼ በሽታው ተመልሶ አይደለም፤ መድኃኒቱም አልጎዳዎትም። ሰውነትዎ ነው የተዋጋው" አለቻቸው። ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። አምስት ወር ክኒን ወሰዱ። በሦስተኛው ወር ቁልፉን አዞሩ። ትንሿ ጣታቸው ግን እስከ መጨረሻው አልተዘረጋችም።

ወባ የሚመስለው

"ሁለተኛው ዓይነት" የሚታየው ጀርሙ በሰውነታቸው በጣም በበዛባቸው ታማሚዎች ላይ ነው። እዚህ የድሮው ምልክት አይቀሰቀስም፤ ደህና በነበረ ቆዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በፊት፣ በክንድና በጭን፣ ሲነኩ የሚያሙ ትናንሽ ጉብታዎች በድንገት ይወጣሉ። ትኩሳት አለ፤ መገጣጠሚያ ያማል፤ ድካም አለ። ዓይን ይቀላል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል። በወንዶች የዘር ፍሬ ሊያብጥ ይችላል። ነርቭም፣ አንዳንዴም ኩላሊት አብሮ ይጎዳል።

አሁን ይህን ታሪክ ይዛችሁ ፎገራ ወይም ደምቢያ ሜዳ ላይ ቁሙ። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የያዘው ገበሬ ምን ይባላል? "ወባ ነው"፤ ደም ታይቶ ከሌለ "ታይፎይድ ነው"። ስህተቱ የሚገባ ነው፤ በጣና ዙሪያ ወባ እውነተኛ ጠላት ነው። ልዩነቱ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ለትኩሳት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የሥጋ ደዌ ታክሞ ከነበረ ያንን መናገር አለበት፤ ሸሚዙንም ማውለቅ አለበት። ብዙዎች አይናገሩም፤ ለምን እንደማይናገሩ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህኛው ዓይነት አንዴ መጥቶ አይሄድም። ደጋግሞ ይመላለሳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ለዓመታት። ከመድኃኒት ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚገርመኝም እዚህ ላይ ነው። ታሊዶማይድ የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ተሸጠ፤ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ፤ ከገበያም ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢየሩሳሌም ውስጥ ጃኮብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም እንቅልፍ ላጣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ይህንኑ ክኒን ቢሰጠው ጉብታውና ሕመሙ በረደ። በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1998 በጥብቅ ቁጥጥር ተፈቅዷል። ነፍሰ ጡር ለሆነችም ሆነ ልታረግዝ ለምትችል ሴት ያለው አደጋ ግን ዛሬም ያው ነው። እኛ አገር ሕክምናው በዋናነት የሚቆመው በሌላ መድኃኒት ላይ ነው።

ፕሬድኒሶሎን፦ አዳኝም፣ አስቸጋሪም

ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው። ሥራው ጦርነቱን ማብረድ ነው፤ እብጠቱ ሲቀንስ ነርቩ ይተነፍሳል። ብዙውን ጊዜ በቀን 40 ሚሊ ግራም ገደማ ይጀመራል፤ በ5 ሚሊ ግራም ክኒን ስምንት ፍሬ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየተቀነሰ ለወራት ይወሰዳል። የጥምር መድኃኒቱ 6 ወይም 12 ወር ካላለቀ እሱም አብሮ ይቀጥላል፤ "ሪአክሽን መጣብኝ" ብሎ ማቆም ጀርሙን ማትረፍ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መላ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ቆዳ ከተላጠ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ይህ የዳፕሶን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የሽንት መቅላትና የቆዳ መጥቆር ግን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን የሚመጡ፣ የሚያልፉ ነገሮች ናቸው።

ዋናው ቁጥር ስድስት ወር ነው። የነርቭ ጉዳቱ ከጀመረ ስድስት ወር ካልሞላው ስሜትና ጉልበት የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ስቴሮይዱ የሚመልሰው እየቀነሰ ይሄዳል።

በሌላ በኩል ፕሬድኒሶሎን ቀልድ አይወድም። ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጨጓራ ያቃጥላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል። ፊት ክብ እያለ ሲሄድ ዘመድ "ተስማማህ፣ አማረብህ" ይላል፤ ታማሚውም ደስ ይለዋል፤ ውፍረቱ ግን የመድኃኒቱ ነው። ከሁሉ በላይ የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቀስ ይችላል። በአለርት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በሁለተኛው ዓይነት ሪአክሽን ታመው ከሞቱት መካከል የአብዛኞቹ ሞት የተያያዘው ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት የስቴሮይድ መዘዝ ጋር ነው።

ለእኛ ለጣና ዙሪያ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የአንጀት ትል። በእርጥብ አፈር ባዶ እግሩን የሚውል ሰው፣ የፎገራን ሩዝ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚተክል ሰው፣ ስትሮንጊሎይድስ የተባለውን ትል ሳያውቀው ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ሰውነቱ ደህና እያለ ትሉ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲገባ ግን ተባዝቶ መላ ሰውነት ሊወር፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት የትል መድኃኒት ተሰጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ክኒኑን በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆምም አደጋ አለው። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር መሥራት አቁሞ ስለሚቆይ፣ በድንገት ሲቋረጥ ግፊት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአካባቢያችን መድኃኒት ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ሁለቱ ጾምና ጸበል ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም" የሚል ሰው ስምንት ክኒን በባዶ ሆድ ሊውጥ ነው ወይም ጭራሽ ሊተወው ነው። ግሽ ዓባይ ወይም ዋንዛዬ ሄዶ ሁለት ሳምንት የሚሰነብት ሰው ክኒኑን ቤት ትቶ ይሄዳል። እምነቱን ተው የሚል ማንም የለም። ለንስሐ አባት ነገሩን ገልጦ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ታማሚ እህል ቀምሶ መድኃኒቱን እንዲወስድ የማይፈቅዱ አባት እኔ አላጋጠሙኝም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብሮ እንደሚሄድ ለምእመኑ መናገራቸውም ይታወሳል።

እናቶች ከወለዱ በኋላ

ስለዚህ ብዙ ሲነገር አልሰማሁም፤ የቤተሰብ መጽሔት ላይ መጻፍ ያለበት ግን ይኼ ይመስለኛል። ነፍሰ ጡር ስትሆን የእናት የመከላከል ኃይል ጋብ ይላል፤ ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳይቆጥር ነው። ከወለደች በኋላ ኃይሉ ይመለሳል። ስኮትላንዳዊቷ የማህፀን ሐኪም ኤልሳቤጥ ደንከን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 በላይ የሥጋ ደዌ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችን ተከታትላ ያየችው፣ አንደኛው ዓይነት ሪአክሽን የሚበዛው ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት መሆኑን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በእርግዝናውም በማጥባቱም ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

አራስ ሴት እጇ ሲዝል ምን ይባላል? "ብርድ መትቷታል።" ገንፎና አጥሚት ይቀርብላታል፤ ትሸፈናለች። ታክማ የምታውቅ ወይም በቤቷ የታከመ ሰው ያለባት አራስ የእጅ መዛል፣ የእግር መደንዘዝ ወይም የፊት እብጠት ከታየባት ግን አርባው ቀን ሳይጠበቅ መታየት አለባት። ሕፃኑን ማጥባቷን ማቆም አያስፈልጋትም።

ለምጽ ነው ወይስ ሌላ?

በቤታችን የሚሠሩ ልጆች፣ ከገጠር መጥተው የሚማሩ የዘመድ ልጆች፣ ዘበኞች፣ አብዛኞቹ ቆዳቸው ላይ ምልክት ቢወጣ ይሸሽጉታል። ለምጽ፣ ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ችፌ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። ለምጽ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው፤ የሥጋ ደዌም አይደለም። ጭርትና ችፌ ያሳክካሉ። የሥጋ ደዌ ምልክት ግን ከቆዳው ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ነው፤ አያሳክክም፤ አያምም። ዓይን ተጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ሲነካ አለመሰማቱ ነው ትልቁ መለያው።

ምጣድ ወይም ጀበና አቃጥሏት ሳታውቅ ውኃ የቋጠረ ጣት ያላትን ልጅ "ግድየለሽ" ብሎ ከመቆጣት በፊት መዳፏን መንካት ይገባል። እጁ ወይም እግሩ አንዴ ለደነዘዘ ሰው ደግሞ የቤት ውስጥ ጥንቃቄው ዕድሜ ልክ ነው። ማታ ማታ እግርን ለሃያና ሠላሳ ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር፣ መጁን በሸካራ ድንጋይ ቀስ ብሎ መፈግፈግ፣ ሳይደርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት። ደረቅ የፕላስቲክ ጫማ ለደነዘዘ እግር ጠላት ነው፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ያስፈልገዋል። ጫማው ከመጠለቁ በፊት እጅ ከትቶ ጠጠር መኖሩን ማየት ነው፤ የእጁ ስሜት ከሌለ ልጁ ያይለት።

ስለ ፍርሃታችን ሳነሣ ሕጉንም ላነሣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛ የሥጋ ደዌ ያለበት መሆኑን ሳያውቁ ማግባትን፣ ጋብቻን ሊያፈርስ ከሚችሉ መሠረታዊ ስህተቶች መሐል በስሙ ጠርቶ አስቀምጦት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ስሙን አውጥቶ "የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ" በሚል ሐሳብ ተካው። የሥጋ ደዌ ሁለቱንም አይደለም። ሕጉ ስሙን ካወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሽማግሌዎቻችን ግን አሁንም ዘር ያጣራሉ።

የት መሄድ?

የሥጋ ደዌ አገልግሎት ከቲቢ ጋር አንድ ላይ ስለሚሰጥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚጠየቀው የቲቢ ክፍሉ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፤ ጎንደር የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፤ ለወሎ በኩል ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ከደሴ አጠገብ ነው፤ ከዚያ አለርት። ታማሚው ሲታወቅ አብረውት የሚኖሩ ሁሉ ይታዩ። ምልክት የሌለባቸው የቤተሰብ አባላት አንድ ጊዜ የሚወሰድ የሪፋምፒሲን መከላከያ እንዲሰጣቸው የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይመክራል፤ የመያዝ ዕድላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ መድኃኒት ነርሷን ይጠይቋት።

ሪአክሽን ለጠረጠሩበት ሰው አብረው ሲሄዱ የሚይዙት ሁለት ነገር ነው፤ የሕክምና ካርዱንና እጁ ወይም እግሩ መዛል የጀመረበትን ቀን። ቀኑ ካልታወቀ በበዓል ያስታውሱት፦ ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከፍልሰታ ወዲህ ነው? ሐኪሙ ስድስት ወሩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው።